ወደ ኋላ የተመለሰ ገጽ

ፕሮግራመሩ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያ ነው፤ ወንበር ላይ ሲያስቀምጡት እግሩ፣ እግሩን ሲይዙት ጣቱ፣ ጣቱን ሲይዙት ዓይኑ ይቅበዘበዛል። ታላቅ እህቱ «ቁንጫ» ብላ የሰየመችው በዚሁ ጠባዩ ነው። ስሙም ከእርሷ አፍ ወጥቶ ቤተሰቡን አዳረሰ፤ ከቤተሰቡም አልፎ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ተከተለው። ዛሬ ግን የሚያቁነጠንጠው ጠባዩ ብቻ አልነበረም። እህቱ ከቀዶ ጥገናው በር አጠገብ ባለው የሕሙማን ክፍል ተኝታ ተራዋን ትጠብቃለች፤ ተራዋም የሚደርሰው ደም ከተገኘላት ነው።

ማህፀኗ ውስጥ ያደገው እጢ ወራት ሙሉ ሲያደማት ከርሟል። ከንፈሯ ነጥቷል፤ ከአልጋዋ ተነስታ መስኮቱ ጋ ለመድረስ ግድግዳ መደገፍ ጀምራለች። ሐኪሙ ጠዋት ሲጎበኛት ነገሩን አላድበሰበሰም። «ሁለት ከረጢት ደም ከጎኔ ሳላስቀምጥ ምላጭ አላነሳም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከመጣ ዛሬ ትገቢያለሽ፤ ካልመጣ ተራሽ ለሌላ ይሰጣል» ብሏት ሄደ። ከዚህ ቀደምም ተራዋ እንዲሁ ለሌላ ተሰጥቶባታል፤ የሚቀጥለውን እስክትጠብቅ ሰውነቷ ይችል እንደሆነ ሐኪሙም አልተናገረ፣ እርሷም አልጠየቀች።

«አንተ ቁንጫ፣ ወለሉን እኮ ፈጀኸው» አለችው ከትራሷ ሳትነሳ።

«ደሙ ቆየ እትዬ።»

«ይቆያ! አንተ ስትመላለስለት ይፈጥናል? የቀረችኝን ጉልበት አንተን በዓይኔ ስከተል ጨረስኳት።»

«ሄጄ ልጠይቅ።»

«ሂድ፣ ሂድ። ቢያንስ ኮሪደሩ ይረበሽ፣ እኔ ልረፍ። ደግሞስ ያንተ ማሽን አይደል የሚያመጣው? ቤት ውስጥ ስትምልበት የነበረው?»

እውነቷን ነው፤ የእርሱ ማሽን ነው። በከተማዋ ያሉ ሆስፒታሎች ከየክፍላቸው ወደ ደም ባንክ ትዕዛዝ የሚልኩበትን ስርዓት ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው እርሱ ነበር፤ በተለይ አንዱን ክፍሉን እንደ ልጁ ይወደዋል። መጀመሪያ ላይ፣ ኔትወርኩ በተንቀራፈፈ ቁጥር ትዕግሥት ያጣ ጣት «ላክ» የሚለውን ደጋግሞ ይጫን፣ አንዱ ትዕዛዝ ሁለት ሦስት ሆኖ ይደርስ ነበር። ለአንድ በሽተኛ የሚበቃው ደም እጥፍ ሆኖ ይያዛል፤ ሌላው በሽተኛ ግን አጥቶ ይቀራል። ፕሮግራመሩ ለዚህ መላ አበጀ። እያንዳንዱ ገጽ ሲከፈት ዓይን የማያየው አንድ ቁጥር በውስጡ ተሰፍቶ ይወጣል። ቁጥሩ እንደ ስታዲየም ትኬት ነው፤ በሩ ላይ አንዴ ይቀደዳል። ያው ቁጥር ዳግም ከመጣ ሰርቨሩ አዲስ ትዕዛዝ አይመዘግብም፤ ላኪው እንዳይደናገጥ ብቻ የፊተኛውን መልስ እንዳለ መልሶ ያሳየዋል።

በዚህ ፈጠራው ውስጥ ከቴክኒክ የሚያልፍ አንድ ነገር ያየ ይመስለው ነበር። ሰው በጭንቀቱ ደጋግሞ በሩን ሲያንኳኳ እንደ አንድ ማንኳኳት የሚቆጥርለት፣ ስለ መደጋገሙም የማይወቅሰው ዘበኛ፤ ምሕረት የሚባለው ነገር በብረትና በመብራት ቢሠራ ይህን ይመስላል ብሎ ያስባል። እንዲህ ያለውን ሐሳብ ለባልደረቦቹ አይነግራቸውም፤ ይስቁበታልና።

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጥግ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ጋዜጣ ይዛለች፤ ግን ከጠዋት ጀምሮ ገጹን አልገለጠችም። አባቷ በሚቀጥለው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ናቸው፤ የጨጓራ ቁስላቸው ደም እያስተፋቸው ነው የመጡት።

«የናንተስ መጣ?» አለችው ቀና ብላ።

«አልመጣም። የናንተስ?»

«የኛም ያው ነው። አባባ ‹ደሙ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው? በታክሲ አይልኩትም?› እያለ ይጠይቀኛል።» ፈገግ ልትል ሞከረችና ተወችው። «አሁን አሁንማ መጠየቁንም እየተወ ነው።»

የነርሷ ጠረጴዛ ኮሪደሩ ወገብ ላይ ነው። ነርሷ ጎልማሳ ሴት ናት፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል፤ ስታወራ ትጽፋለች፣ ስትጽፍ ትጣራለች፣ ስትጣራ ሌላ ነገር ትፈልጋለች።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የእህቴ ደም...»

«የባለ እጢዋ? ልኬዋለሁ ወንድሜ። ጠዋት ነው የላክሁት።»

«መድረሱን አረጋግጠዋል?»

«አረንጓዴ ብሎኛል።» መነጽሯን አድርጋ አየችው። «አንተው ራስህ አይደለህ ሥልጠናው ላይ ‹አረንጓዴ ካያችሁ ለጥ ብላችሁ ተኙ› ያልከን? እኔ እንኳ አልተኛሁም፤ ሥራ ይዣለሁ።»

ብሎ ነበር፤ ያኔ አዳራሹም ስቆለት ነበር።

ምድር ቤት ወዳለው ደም ባንክ ወረደ። ኃላፊው ከማቀዝቀዣ ጋር ስለሚውል በሙቀትም ቀን ሹራብ የማይለየው፣ ጡረታው የደረሰ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ከቀዶ ጥገና ክፍል የተላከ የእህቴ ትዕዛዝ ነበር፤ ኦ ኔጌቲቭ።»

ኃላፊው ወደ ስክሪኑ ዞሮ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «ከላይ የመጣልኝ ኦ ኔጌቲቭ አንድ ነው፤ ጭኑ የተሰበረው ጎረምሳ። እርሱም ወስዷል። ሌላ የለኝም።»

«ጠዋት ተልኳል እኮ።»

«ማን አለህ?»

«ነርሷ። አረንጓዴ ብሏታል።»

«እኔን ደግሞ ምንም አላለኝም።» ከመደርደሪያው ላይ ናሙና የያዘች ትንሽ ብልቃጥ አንስቶ በብርሃን አያት። «ናሙናዋ ግን ይኸው። ትዕዛዝ የሌለው ብልቃጥ ምን እንደሆነ ታውቃለህ ልጄ? ሳይጠራ ሰርግ የመጣ እንግዳ ነው። አላባርረው፣ አላስተናግደው።»

«ታዲያ ደውለው አይጠይቁም?»

«እኔ ልደውል?» ኃላፊው በግርምት ሳቀ። «በስልክ እንዳትቀበሉ፣ በወረቀት እንዳትቀበሉ፣ ስክሪኑ ያላለውን እንዳትነኩ ብላችሁ ቃል ያስገባችሁኝ እናንተ! አሁን ደግሞ ለምን አልደወልክም?» ከዚያም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ። የቀረኝ ኦ ኔጌቲቭ ለአንድ ሰው የሚበቃ ነው። ሌላው ከማዕከሉ እስኪመጣ ነገ ነው። ስክሪኔ ላይ ቀድሞ የመጣ ይወስደዋል። ጨክኜ አይደለም፤ ደንቡ ነው። ወሬውን ትተህ ቶሎ አስላካት።»

ፕሮግራመሩ ደረጃውን እየዘለለ ወጣ። ሐሳቡ ግን ከእግሩ ቀድሞ ነበር። አንዱ ስክሪን ልኬያለሁ ይላል፤ ሌላው አልደረሰኝም ይላል፤ ሁለቱም የእርሱ ናቸው፤ ከሁለት አንዱ ዋሽቷል፤ ማሽን ደግሞ የሚዋሸው ዋሽ ያሉትን ብቻ ነው። ደረጃው መካከል ቆሞ ለአለቃው ደወለ።

«ቁንጫዬ!» አለ አለቃው። «ፈቃድ ላይ አይደለህ እንዴ? እህታችንስ?»

«ገና ናት። ሰርቨሩ እንዴት ነው?»

«ማስነጠስ እንኳ አላስነጠሰውም። ይልቅ ያንተ ቁጥር ዛሬ ጠዋት ብቻ ስንት ድግግሞሽ እንደመለሰ ብታይ! ለሥራ አመራሩ በስላይድ ላቀርብልህ ነው።»

«ኔትወርኩስ?»

«እንደ ጥይት!»

ፕሮግራመሩ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ፈዘዘ። ሰው «ላክ» የሚለውን የሚደጋግመው ኔትወርኩ ሲያንቀላፋበት ነው። ኔትወርኩ እንደ ጥይት ከሆነ፣ ማን ነው ይህን ሁሉ የሚደጋግም?

«ሄሎ? ቁንጫ? ጠፋህ?»

«መልሼ እደውላለሁ» አለና ወደ ነርሷ ጠረጴዛ ገሰገሰ። አልጠየቃትም፤ ከኋላዋ ቆሞ ብቻ ተመለከተ።

ነርሷ የነገ ትዕዛዞችን ትልክ ነበር። ሐኪሞቹ የጻፏቸውን በደም ዓይነት ለይታ ደርድራቸዋለች። የመጀመሪያውን በሽተኛ ሙሉ አድርጋ ጻፈች፦ የክፍሉን ስም፣ የሐኪሙን ስም፣ የደሙን ዓይነት፣ የከረጢቱን ብዛት። ላከች፤ አረንጓዴው መጣ። ከዚያ እንደ አዲስ መጀመሪያ ገጽ አልከፈተችም። ወደ ኋላ መመለሻዋን ቀስት ተጫነች፤ ገጹም የጻፈችውን ሁሉ እንደያዘ ተመለሰላት። ስሙንና የአልጋውን ቁጥር ብቻ ሰርዛ የሁለተኛውን በሽተኛ አስገባች። ላከች፤ አረንጓዴው መጣ። ቀስቷን ደግማ ተጫነች።

«ሲስተር» አለ፤ ድምፁ እንግዳ ሆነበት። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚልኩት?»

«እንዴታ! ሁላችንም እንዲሁ ነን። የደማቸው ዓይነት አንድ ከሆነ ስምና አልጋ መቀየር ነው፤ ሌላው እንዳለ ይመለሳል። ማን እንደሠራው እንጃ እንጂ ጣቱ ይባረክ፤ ዱሮ ወደ ኋላ ስንመለስ የጻፍነው ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋብን ነበር።»

የሠራው እርሱ ነው። ነርሶቹ ስላማረሩ፣ ወደ ኋላ የተመለሰ ሰው ገጹን እንደተወው እንዲያገኘው አድርጎ ነበር። ፊደሉ፣ ምልክቱ፣ የተከፈተው ሳጥን ሁሉ እንደነበረ ይመለሳል፤ ከእነርሱ ጋር ያ ዓይን የማያየው ቁጥርም አብሮ ይመለሳል፤ የተቀደደው ትኬት። ነርሷ የሌላ ሰው ስም ስትጽፍበት ሰርቨሩ ስሙን አያነብም፤ ቁጥሩን ያያል፤ «ይህንስ ተቀብዬዋለሁ» ይላል፤ የፊተኛውን መልስ እንዳለ ይመልስላታል። አረንጓዴው እውነት ነበር፤ የፊተኛው በሽተኛ አረንጓዴ። ከሥሩ በቀጭን ፊደል የተጻፈውም ስም የፊተኛው ነው። አረንጓዴውን ካዩ ለጥ ብለው እንዲተኙ የተነገራቸው ሰዎች ግን ከሥሩ ያለውን አያነቡም።

ድግግሞሽ የሚመልሰውን ዘበኛ ለብቻው፣ የተጻፈውን ገጽ የሚመልሰውንም ለብቻው ፈትኖ ነበር። ሁለቱ አንድ ቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚኖሩ ግን አልጠየቀም። በአንድ ጊዜ የተጻፈውን እንዲያስታውስም የተደገመውን እንዲረሳም የተሠራ ነገር ከሁለቱ መካከል ሰው መጣሉ አይቀርም ነበር።

«ሲስተር፣ የእህቴ ትዕዛዝ አልደረሰም።»

«አረንጓዴ ብሎኛል አልኩህ እኮ!»

«አውቃለሁ። ጥፋቱ የርስዎ አይደለም፤ የኔ ነው። ወደ ኋላ በተመለሰ ገጽ ላይ ሲጻፍ ማሽኑ እንደ ድግግሞሽ ቆጥሮ ይጥለዋል።»

ነርሷ መነጽሯን አወለቀች። ሥራ ፈታ ስትቆም ያየበት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። «በል ንገረኝ፤ ምን ላድርግ?»

«አዲስ ገጽ ይክፈቱ።»

ከፈተች። ባዶው ገጽ ስክሪኑን ሞላው። ጣቶቿን የቁልፍ ሰሌዳው ላይ አድርጋ «የእህትህን ስም ንገረኝ» አለች።

ፕሮግራመሩ አፉን ከፈተ፤ ግን የወጣው ሌላ ጥያቄ ነበር። «ጠዋት ኦ ኔጌቲቮቹን ሲልኩ በየትኛው ቅደም ተከተል ነበር?»

«ጎረምሳው፣ ከዚያ የመስኮቱ አባት፣ ከዚያ እህትህ። ምነው?»

ምነው? የጎረምሳው ደርሷል። የተጣሉት የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ደግሞ ለአንድ ሰው ነው።

ነርሷ ይህን ገና አላሰላችውም። ኃላፊው አያውቅም። ጋዜጣዋን ያልገለጠችው ሴት አታውቅም። የእህቱን ስም ቢናገር፣ ከዚያ በኋላ «ለካ ሌላም ተጥሏል» ቢል፣ አንድም ቃል ሳይዋሽ ነገሩ ያልቅ ነበር። ጥቂት ደቂቃ ዝም ማለት ብቻ ነው። ታሪክ ያነበበ ሰው ነውና ትልልቁ በደል እንዴት እንደሚፈጸም ያውቃል፤ ብዙውን ጊዜ ማንም እጁን አያነሳም፣ አንድ ሰው ብቻ ለአፍታ ይዘገያል። ግን ማወቁ ምን ጠቀመው? የእህቱ ነጭ ከንፈር ፊቱ ላይ ተደቀነ። ልጅ ሳለ ትኩሳት ሲይዘው አጠገቡ ሆና ያደረች፣ ጫማውን ያሰረችለት፣ ይህን ሙያ እንዲማር የራሷን ትምህርት ያቋረጠች እህቱ ናት። የመስኮቱን አባት ስማቸውን እንኳ አያውቅም።

«ወንድሜ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው» አለች ነርሷ። «ስሟን በለኝ እንጂ።»

አግዳሚው ላይ ያለችው ሴት የሁለቱን መቆም አይታ ጋዜጣዋን አጥፋ ነበር። ወደ እርሱ ትመለከታለች፤ ዓይኗ ላይ ልመና አልነበረም፤ አንድ ነገር ተገኝቶ እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ነበር።

«የመስኮቱ አባት ይቅደሙ» አለ። «የእርሳቸውም ተጥሏል። ከእህቴ በፊት ነው የተላከላቸው።»

ነርሷ ቀስ ብላ ዞራ አየችው። «ደሙ ለሁለቱም ይበቃል?»

«አይበቃም።»

«ምን እንዳልክ ገብቶሃል?»

«ሲስተር፣ እባክዎን ይጻፉ። ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ጻፈች። አረንጓዴው ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ያለውን ስም አነበበ፤ የሽማግሌው ነበር። ቀጥሎ በሌላ አዲስ ገጽ የእህቱን አስላከ። ያም አረንጓዴ ሆነ፤ ከስሟ ጎን ግን «ተጠባባቂ» የሚል ቃል ተጽፎ ነበር።

ለአለቃው የደወለው እዚያው ቆሞ ነው። «ወደ ኋላ የተመለሰ ገጽ አሮጌውን ቁጥር ይዞ ነው የሚመለሰው። እስካስተካክለው ድረስ ገጽ መልሶ መሙላቱን አጥፋው።»

«አሁን? በሥራ ሰዓት? ነርሶቹ ጣራውን ይነቅሉታል!»

«ይንቀሉት። ለስላይድ ያዘጋጀኸውን ድግግሞሽ ደግሞ ክፈትና ስሞቹን አንብብ። ሁለት ጊዜ የተጻፈ ስም ካገኘህ ከሥራ አባረኝ። ለየሆስፒታሉ አንተ ደውል፤ አሁኑኑ።»

ከወዲያ በኩል የቁልፍ ሰሌዳ ሲንኳኳ ተሰማ። «...አምላኬ» አለ አለቃው፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

እህቱ ክፍል ሲገባ ዓይኗን ገለጠች። «ምነው አመድ መሰልክ? ደም የሚያስፈልገው ላንተ ነው እንዴ?»

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነገራት። አንዳች አላስቀረም፤ አላስረዘመም። ስትሰማው ጣቷ የአንሶላውን ጫፍ ያጥፋል፣ ይዘረጋል።

«ነርሷ አታውቅም ነበር?» አለች ሲጨርስ።

«አታውቅም።»

«ሽማግሌውም።»

«አያውቁም።»

«አንተ ብቻ ነህ ያወቅኸው።»

«እኔ ብቻ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እኔ በአንተ ቦታ ብሆን አላደርገውም ነበር» አለች በመጨረሻ። «ይህን እወቀው። አንተ እዚህ ተኝተህ፣ እኔ እዚያ ቆሜ ቢሆን፣ ያንተን ስም ነበር የምናገረው። ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ልኩራብህ ወይስ ልቀየምህ ገና አልወሰንኩም። እርሱም ደም ይፈልጋል፤ ሲገባልኝ አስብበታለሁ።»

ብርድ ልብሷን እስከ ትከሻዋ ሳበላት።

በሩ ተንኳኳና የእህቱ ባል ገባ። ከሥራ ተጣድፎ የመጣ ነው፤ የሌሊት ልብሷንና ነጠላ ጫማዋን የያዘ ቦርሳ በእጁ አንጠልጥሏል። ሚስቱ አልጋው ላይ መሆኗን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«እስካሁን አልገባሽም? ሰዓቱ እኮ ደርሷል!»

«ወንድሜን ጠይቀው» አለች እህቱ። «እኔ የማወራበት አቅም የለኝም። አንተ ደግሞ እንዳታሳምረው።»

ፕሮግራመሩ ተነሳ። «ጠዋት ነርሷ ትዕዛዙን ስትልክ ገጹን ወደ ኋላ መልሳ ነበር፤ ማሽኑ ደግሞ...»

«ስለ ማሽን ማን ጠየቀህ?» አለ የእህቱ ባል። «ሚስቴ ዛሬ ትገባለች፣ አትገባም?»

«አትገባም። ደሙ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለሌላ ሰው እንዲያልፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

የእህቱ ባል ቦርሳውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ሚስቱን አየ፤ መልሶ እርሱን አየ። «ለማን?» አለ፤ ድምፁ የተቆጣ ሰው ሳይሆን የመንገዱ አቅጣጫ የጠፋበት ሰው ድምፅ ነበር።

ፕሮግራመሩ በሩን ከፈተው። ኮሪደሩ ላይ የደም ባንኩ ኃላፊ በሹራቡ ላይ ካፖርቱን ደርቦ፣ ሁለቱን ከረጢቶች የያዘውን ሳጥን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል እየሄደ ነበር፤ ያቺ ሴት ከጎኑ ከጎኑ ትከተላለች፤ ጋዜጣዋን አግዳሚው ላይ ረስታዋለች። ሦስቱም፣ አንዷ ተኝታ ሁለቱ ቆመው፣ ሳጥኑ በሩ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ተመለከቱ።